ሶፍትዌር አልጫን ሲል፦ ከፎርማት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ በኢትዮጵያ ከተሞች የቤት ኮምፒውተር አዲስ ሶፍትዌር አልቀበልም ባለ ቁጥር ቀድሞ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ወደ ጥገና ቤት የተወሰደው ኮምፒውተር ምን ዓይነት የስህተት መልእክት እንዳወጣ ሳይጠየቅ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ባለቤቱም የልጆቹን ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የሱቁን የሂሳብ መዝገብ በፍላሽ ገልብጦ ለማትረፍ ይጣደፋል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ያው ሶፍትዌር አሁንም አልጫን የሚልበት ጊዜ አለ፤ የእምቢታው መነሻ ከዊንዶውስ መበላሸት ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላልና። ኮምፒውተር አንድን ሶፍትዌር አልጭንም ሲል በአብዛኛው የሚቆመው አንድ የተወሰነ ፍተሻ ላይ ደርሶ ነው፤ የትኛው ፍተሻ ላይ እንደቆመም በመልእክቱ፣ በስህተት ቁጥሩ ወይም በመዝገቡ ጽፎ ያስቀምጣል። ፎርማት ይህን ማስረጃ ይጠርገዋል፤ ችግሩ ከሌላ ቦታ የመነጨ ከሆነ ደግሞ ማስረጃው ጠፍቶ ችግሩ እንዳለ ይቀራል።

ጉዳዩን ለመረዳት መጫን ማለት ምን እንደሆነ በቅድሚያ መለየት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ወይም ሙዚቃ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የፋይሉ ቅጂ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ በዚህም ሥራው ያልቃል። ሶፍትዌር ሲጫን ግን ጫኚው ፋይሎቹን በተለያዩ አቃፊዎች ያከፋፍላል፣ ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞችን ሁሉ ቅንብር በሚይዝበት ሬጅስትሪ በተባለ ማህደር ውስጥ ይመዘግባል፣ አንዳንድ ጊዜም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ አገልግሎት ይተክላል። ማይክሮሶፍት ይህን ሥራ በአንድ ሥርዓት ለመምራት ዊንዶውስ ኢንስቶለር የተባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፊስ 2000 ጋር አወጣ። የአገልግሎቱ ዋና ጠባይ ሥራውን ወይ ሙሉ በሙሉ መፈጸም ወይ ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ነው፤ በመሃል አንድ እርምጃ ከከሸፈ እስከዚያ የሠራውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፣ ለዚህም ሲል የሚተካቸውን ፋይሎች በአንድ ስውር አቃፊ ውስጥ ለጊዜው ያቆያቸዋል። በመስኮቱ ላይ የሥራውን ሂደት የሚያሳየው መስመር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆም ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር የሚታየው ይኸው የመመለስ ሥራ ነው። በዚህ ሰዓት ኮምፒውተሩን በጉልበት ማጥፋት፣ ወይም ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ እየሠሩ ሳለ መብራት መሄዱ፣ የማስተካከሉን ሥራ በግማሽ አስቀርቶ ቀጣዩን ሙከራ ሊያሰናክል ይችላል።

መስመሩ ተመልሶ ሲያበቃ የሚወጣው ትንሽ መስኮት በአብዛኛው አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ቁጥር ይይዛል። ዓረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው «ኦኬ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሆኖም ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ ወይም መስኮቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ብቻውን የጥገናውን ግማሽ መንገድ ያሳጥራል። 1618 ሌላ የመጫን ሥራ ተጀምሮ ገና አላለቀም ማለት ነው፤ 1633 ጥቅሉ ለዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር አልተሠራም ማለት ነው፤ 112 ደግሞ በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያታክተው 1603 ሲሆን፣ «በመጫን ላይ ሳለ ከባድ ስህተት ተፈጥሯል» ከሚል ጥቅል ቃል በስተቀር ምክንያቱን አይናገርም። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥም ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚሠራውን ሁሉ በዝርዝር እየመዘገበ እንዲጭን ኮማንድ ፕሮምፕት በተባለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት በኩል ማዘዝ ይቻላል። የሚገኘው መዝገብ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ሊኖሩት ቢችልም ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም፤ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ «ሪተርን ቫሊዩ 3» የሚለውን ሐረግ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲፈልጉ ሥራው የከሸፈበት ቦታ ይገኛል፣ ምክንያቱም ከሐረጉ በላይ ባሉት ጥቂት መስመሮች ውስጥ ይነበባል። እዚያ የሚገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ያልተገኘ ፋይል፣ ሊከፈት ያልቻለ አቃፊ፣ ወይም ዊንዶውስ ራሱ የሚጠቀምበት «ሲስተም» የተባለው መለያ መጻፍ የተከለከለበት ቦታ።

ለ1618 ሪስታርት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ተጠቃሚ የማያስተውለው ልዩነት አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኮምፒውተሩ «ሻት ዳውን» ተብሎ ሲጠፋ ፋስት ስታርትአፕ በሚባለው አሠራር የስርዓተ ክወናው እምብርት ሁኔታ በዲስክ ላይ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ይቀጥላል፤ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ከመጀመሪያ የሚያስነሳው «ሪስታርት» የሚለው ምርጫ ነው። ስለዚህ ማታ አጥፍቶ ጠዋት ያበራው ሰው ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ያስነሳው ቢመስለውም፣ የተንጠለጠለው ሥራ ከነችግሩ ሊጠብቀው ይችላል።

ሌላው ትልቅ የእምቢታ ምንጭ የቢት ጉዳይ ነው። ባለ 32 ቢት ስርዓት በአንድ ጊዜ ሊጠራቸው የሚችላቸው የማህደረ ትውስታ አድራሻዎች 4,294,967,296፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ያህል ናቸው፤ ባለ 64 ቢት ስርዓት ይህ ገደብ የለበትም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት የተሠሩ ፕሮግራሞችን ያስተናግዳል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፣ በመሆኑም 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ለ64 ቢት ብቻ የተሠራውን አዲስ ሶፍትዌር «ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። ዊንዶውስ 11 ጭራሹን የ32 ቢት ቅጂ የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ መዝገበ ቃላት፣ የሂሳብ ፕሮግራሞችና የፊደል መጻፊያዎች ላይ የሚደርሰው ነው። በዚያ ዘመን ፕሮግራሙ ራሱ ባለ 32 ቢት ሆኖ ሳለ ጫኚው ብቻ ባለ 16 ቢት የሆነባቸው ሲዲዎች ብዙ ነበሩ፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 16 ቢትን ፈጽሞ ስለማያስተናግድ፣ ቢጫን ኖሮ ያለ ችግር የሚሠራው ፕሮግራም ደጃፍ ላይ ይቀራል። ማይክሮሶፍት ይህን ስለሚያውቅ በዘመኑ በስፋት ይሠራባቸው ከነበሩት ጫኚዎች የተወሰኑትን ዊንዶውስ ለይቶ በ32 ቢት ምትክ እንዲያስነሳቸው አድርጓል፣ የቀሩት ግን አይነሱም። የተፈለገው አማርኛ መጻፍ ብቻ ከሆነ ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንትና መጻፊያ አብሮ ይዞ ስለሚመጣ አሮጌውን ሲዲ ማስታመም አያስፈልግም።

የዕድሜ ነገር ከተነሳ ዊንዶውስ 7ን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ማይክሮሶፍት ለዚህ ስርዓተ ክወና ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ያቆመ ሲሆን፣ ጉግል ክሮምም በዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው እስከ ቁጥር 109 ብቻ ነው። በዚህ ላይ የዲጂታል ፊርማ ለውጥ ተጨምሯል። ዲጂታል ፊርማ ሶፍትዌሩን ማን እንዳወጣውና ከወጣ በኋላ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ የሂሳብ ማኅተም ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ሻ 1 የተባለውን አሮጌ የፊርማ ስልት ትቶ ወደ ሻ 2 ሲዞር፣ ዊንዶውስ 7 አዲሱን ማኅተም በአግባቡ ማንበብ እንዲችል ልዩ ማሻሻያ መጫን ግድ ሆነበት። ማሻሻያው የሌለበት ዊንዶውስ 7 ሕጋዊውን ሶፍትዌር ፊርማው እንዳልተረጋገጠ ቆጥሮ ሊመልሰው ይችላል። ፎርማት ይበልጥ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቃጠለ ዲቪዲ እንደገና የተጫነ ዊንዶውስ 7 ኋላ ያገኛቸውን ማሻሻያዎች ሁሉ ስለሚያጣ፣ ከፎርማቱ በፊት ይቀበለው የነበረውን እንኳ አልቀበልም ሊል ይችላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ ተመሳሳይ ችግር ቀስ በቀስ ወደዚያም መድረሱ አይቀርም።

የኮምፒውተር ሰዓት ከሶፍትዌር መጫን ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ይሁንና በኢትዮጵያ ሁኔታ ቅድሚያ ሊታይ የሚገባው አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ አብዛኛው ጫኚ አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት የሚመዝን ትንሽ ፋይል ሲሆን፣ ዋናውን ሶፍትዌር የሚያወርደው ከተነሳ በኋላ ደኅንነቱ በተጠበቀ የኢንተርኔት ግንኙነት ነው። ግንኙነቱ የሚረጋገጠው በዲጂታል ሰርተፊኬት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ገደብ አለው፤ ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሰጡ የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶች ዕድሜ ደግሞ ከ398 ቀን አይበልጥም። በእናት ሰሌዳው ላይ ሰዓቱን የምታስጠብቀው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተጠቃሚው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶት ከሆነም ኮምፒውተሩ ከዓለም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱም ሁኔታ ሰርተፊኬቶቹ ሁሉ ገና ያልተሰጡ ሆነው ይታዩታል፣ ጫኚውም ኢንተርኔት እያለ «ግንኙነት የለም» ይላል። ዓመተ ምሕረቱን በራስ አቆጣጠር መጻፍ ተፈጥሯዊ ነገር ነው፤ ስርዓተ ክወናው ግን የሚያሰላው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በመሆኑ ቀኑ በዚያው መሞላት አለበት። የሰዓት ክልሉን በተመለከተ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ስለማይገኝ ናይሮቢ የሚለውን መምረጥ ትክክል ነው፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ።

ከዚህም በላይ ስውር የሆነ፣ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ የሚመለከት ምክንያት አለ። አንዲት ተማሪ አዲሱን ላፕቶፕ ስታስጀምር የተጠቃሚ ስም ሲጠይቃት «ሰላም» ብላ በፊደል ጻፈች እንበል። ዊንዶውስ ስሙን ያለ ችግር ተቀብሎ በዋናው ዲስክ ላይ «ሰላም» የተባለ አቃፊ ይከፍታል፤ የወረዱ ፋይሎቿ፣ ሰነዶቿ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫኚዎች ጥቅላቸውን ለጊዜው የሚፈቱበት «ቴምፕ» የተባለው አቃፊ በዚሁ ሥር ይቀመጣሉ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለተካተተ ዊንዶውስ ራሱ ስሙን ለማንበብ አይቸገርም። ብዙ ጫኚዎች ግን እስካሁን የሚሠሩት ኮድ ፔጅ በሚባለው አሮጌ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ ዊንዶውስ ለሩሲያኛም ለዓረብኛም እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሲኖረው ለአማርኛ ግን ኖሮት አያውቅም። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለው ጫኚ «ሰላም»ን ሲያነብ ሦስቱን ፊደላት በሦስት የጥያቄ ምልክቶች ይተካቸዋል፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ ዊንዶውስ በፋይልና በአቃፊ ስም ውስጥ ከሚከለክላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አንዱ ነው። ጫኚው የሌለ፣ ሊኖርም የማይችል አቃፊ ፈልጎ ያጣል፣ ሥራውንም ያቋርጣል።

ተማሪዋ ይህን ለማስተካከል ወደ ቅንብር ገብታ ስሟን በላቲን ፊደል ብትለውጠው የሚለወጠው በመስኮቱ ላይ የሚታየው ስም ብቻ ነው፤ አቃፊው በመጀመሪያ በተሰጠው ስም ይቀጥላል። ሁነኛው መንገድ ገና ከጅምሩ በላቲን ፊደል የተሰየመ ሌላ የአስተዳዳሪ መለያ ከፍቶ ከዚያ መጫን ነው፤ ወይም በዋናው ዲስክ ላይ አጭር የላቲን ስም ያለው አቃፊ ፈጥሮ «ቴምፕ» እና «ቲኤምፒ» የተባሉትን ቅንብሮች ወደዚያ ማዞር ይቻላል። ኮምፒውተሩን በማይክሮሶፍት መለያ የከፈተ ሰው አቃፊው ከኢሜይሉ የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ስለሚሰየም ይህ ችግር አይደርስበትም። ጥፋቱ ስሟን በገዛ ፊደሏ የጻፈችው ተማሪ ሳይሆን ዩኒኮድ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአሮጌ ሰንጠረዥ የሚሠሩት ሶፍትዌር አዘጋጆች መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ጥገና ቤቶችም ከፎርማት በኋላ መለያውን በምን ፊደል እንደሚሰይሙት ቢያስተውሉ ያው ችግር ተመልሶ አይመጣም ነበር።

የፈቃድ ጉዳይ በአንጻሩ ቀላል ነው። ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ የስርዓቱን አቃፊዎች ለመንካት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ስማርት ስክሪን የተባለው ጠባቂ ብዙ ሰው ያላወረደውንና አውጪው ያልታወቀውን ፋይል ያስቆማል፤ ማስቆሙ ፋይሉ እንዳልታወቀ እንጂ አደገኛ እንደሆነ አያረጋግጥም። ልዩ ትኩረት የሚሹት ከውጭ የሚመጡ ላፕቶፖች ናቸው። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የላከው ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ በ«ኤስ ሞድ» የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ የሆነን ሶፍትዌር ሁሉ እንዳይቀበል የተደረገ ዊንዶውስ ነው። ከዚህ ገደብ መውጣት ክፍያ የለውም፣ በኢንተርኔት በስቶሩ በኩል ይፈጸማል፣ አንዴ ከወጡ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም። ድርጅት ሲገለገልበት ቆይቶ የተሸጠ ላፕቶፕ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት ቁጥጥር ሥር እንደተመዘገበ ሊቀር ይችላል፤ ኦቶፓይለት በተባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት የተመዘገበ ላፕቶፕ ዲስኩ ቢጠረግም ዊንዶውስ ሲጫን ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ የዚያን ድርጅት መግቢያ ገጽ መልሶ ያመጣል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ሻጩ ከድርጅቱ ምዝገባውን እንዲያሰርዝ መጠየቅ ብቻ ስለሆነ ከመግዛት በፊት ማጣራት ይበጃል።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት ከጉድለት ጋር የወረደ ፋይል ሌላው ምክንያት ነው። የሚወርደው በጥቂት በጥቂቱ ከሆነው ጫኚ ይልቅ ሙሉውን ጥቅል በአንድ ፋይል የያዘውን፣ «ኦፍላይን» የሚባለውን ጫኚ መፈለግ ከዳታ ብክነትም ያድናል። አውጪው ድርጅት ከፋይሉ ጎን የሚያትመው የ64 ፊደልና አኃዝ ድርድር፣ ሻ 256 የተባለው የፋይሉ አሻራ፣ በፓወር ሼል መስኮት ከወረደው ፋይል አሻራ ጋር ሊመሳከር ይችላል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ትልልቅ ጫኚዎችን ለማመላለስ ፍላሹን በኤክስ ፋት ማዘጋጀት ይሻላል። አሮጌ የሂሳብ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ዶት ኔት 3.5 የተባለው ረዳት ሶፍትዌር በዊንዶውስ 10 ላይ ከኢንተርኔት እንዲወርድ ቢጠየቅም፣ ያው ፋይል በዊንዶውስ መጫኛው ፍላሽ ላይ ስላለ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል።

አንቲቫይረስ አጥፍቶ መጫን በጥገና ቤት የሚዘወተር ምክር ሲሆን፣ ከፎርማት ይልቅ የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው ይህ ነው። «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚለው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከክራክ፣ ማለትም ክፍያ እንዳይጠይቅ ከተሰበረ ሶፍትዌር ጋር ነው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁት ቫይረሶች መካከል ስቶፕ በሚል ስም የሚታወቀው በዋናነት የተሰራጨው በእንዲህ ዓይነት ክራኮች ነው። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ፕሮግራም ሲል የብዙ ዓመት ፎቶግራፉን የሚያጣበት መንገድ ይህ ነው። ተመጣጣኝ ነፃ ሶፍትዌር ባለበት ሁሉ፣ ለምሳሌ ለጽሑፍ ሥራ ሊብረ ኦፊስ፣ ክራክ የሚጭን ባለሙያ ለደንበኛው መልካም እያደረገ አይደለም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ በእርግጥ የዊንዶውስ መበላሸት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከፎርማት በፊት ሁለት እርምጃዎች አሉ። የመጀመሪያው ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች መርምሮ እንዲጠግን በኮማንድ ፕሮምፕት «ዲዝም» እና «ኤስኤፍሲ» የተባሉትን መሣሪያዎች ማስኬድ ነው። ሁለተኛው በሥራ ላይ ባለው ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የዚያኑ ዊንዶውስ መጫኛ ማስነሳትና ፋይሎችና ፕሮግራሞች ባሉበት እንዲቆዩ መምረጥ ነው፤ ስርዓቱ ይታደሳል፣ የባለቤቱ ንብረት ግን አይነካም። ፎርማት ተገቢ የሚሆነው እነዚህ ሲከሽፉ ወይም ቫይረስ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስርዓቱን ሲቆጣጠረው ነው።

ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ዲስክ» ከሚል ምንጭ የመጣ ቁጥር 7 ከታየ በዲስኩ ላይ የተጎዳ ክፍል አለ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲገለብጥ ለረጅም ጊዜ ከደነዘዘ ወይም ሃርድ ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማም ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ባለው ዲስክ ላይ የሚደረግ ፎርማት ለጥቂት ሳምንታት የዳነ ቢያስመስለውም ጉዳቱን አያስቀረውም፣ ሊተርፍ ይችል የነበረውንም ፋይል ይወስዳል። ስለዚህ ከማናቸውም ምርመራና ጥገና በፊት የማይተኩት ሰነዶችና ፎቶግራፎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ፣ ዊንዶውስም በአዲስ ዲስክ ላይ ይጫናል፤ የተገለበጡት ፋይሎች አንድ በአንድ ተከፍተው ትክክለኛነታቸው እስኪረጋገጥ ድረስም አሮጌው ዲስክ ሊጠረግም ሊሸጥም አይገባም።